የማን ሠራተኛ?

«ምን ሆንኩ አልከኝ?»

«የወጣቶች ሠራተኛ።»

እናቴ ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሄሎ? እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «የማን ሠራተኛ?»

አዲስ አበባ ውስጥ «ሠራተኛ» ሲባል መጀመሪያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የምትመጣው ቤት የምትጠርግ፣ ወጥ የምትሠራ ልጅ ናት። እናቴም የሰማችው ይሄንኑ ነው። ዲግሪ የያዘው፣ አንድ ዘመን ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይለው የነበረው ልጇ ለንደን ድረስ ሄዶ በ43 ዓመቱ የጎረምሶች ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ላስተካክል ብዬ «ማለቴ... ወጣት ሠራተኛ» አልኳት። ባሰ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወጣት የሆንከው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ ማለቴ ነው፣ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ለጋስ ሆኖ እስከ 35 ይወስደዋል። እዚህ እንግሊዝ በሙያው የምንይዘው ከ11 እስከ 25 ነው። በሦስቱም አልፎብኛል።

እንግሊዞቹ «ዩዝ ወርከር» ብለው ይገላገላሉ። እኔ በአማርኛ ስም ሳላገኝለት ትምህርቱን ጨረስኩ። «የወጣቶች አማካሪ» እንዳልል፣ ትምህርቱ ከምንም በላይ የከለከለኝ ነገር ምክር ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። «መምህር» እንዳልል ክፍል የለም፣ ስም መጥሪያ የለም። «የወጣቶች አስተባባሪ» ሲባል ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ይሸተኛል።

ነገሩ የጀመረው በማስተርጎም ነው። ደብረ ብርሃን አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ነው ከአገር የወጣሁት። ለንደን ውስጥ ጂኦግራፊዬን የጠየቀኝ የለም። ሌሊት የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሆንኩ፤ ቀን ቀን ሲጠሩኝ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። ሐኪም ጋ፣ ጠበቃ ጋ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ። 2022 መጀመሪያ ላይ (የእኛ ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ብቻውን ለመጣ ልጅ አስተርጉም ተባልኩ። ብቻውን የመጣ ማለት እናት አባት፣ አጎት አክስት፣ ማንም አብሮት የሌለ ማለት ነው። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን፣ ጣሊያንን አልፎ በካሌ በኩል ነው የመጣው። ካሌ የነበረውን ትልቁን የድንኳን ሰፈር ፈረንሳዮች በ2016 አፍርሰውታል። መንገዱ ግን አልፈረሰም።

(ስለ ልጆች ስጽፍ ሁለት ሦስት ልጆችን እያቀላቀልኩ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ነው፣ አትፈልጓቸው።)

ጠያቂዋ የተወለደበትን ቀን ጠየቀችው። «ነሐሴ 1998» አለ። እንዳለው አልኩ። እሷም 1998 ብላ ጻፈች። አሁን አስቡት። የእኛ ነሐሴ 1998 በፈረንጅ ኦገስት 2006 ነው፤ ልጁ 15 ዓመቱ ነው። እሷ በጻፈችው ቁጥር ግን 23 ሞልቶታል። 23 የሞላው ሰው ደግሞ ልጅ ስላልሆነ አሳዳጊ ቤተሰብ አያገኝም፣ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ከማያውቃቸው ጎልማሶች ጋር አንድ የሆቴል ክፍል ተጋርቶ ይተኛል። በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ሰው እንዴት 8 ዓመት ያረጃል?

የአስተርጓሚ ሕግ ግልጽ ነው። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የራስህን አትናገር። ፈቃድ ጠይቄ ዘመን አቆጣጠራችን እንደሚለይ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ሰርዛ አስተካከለች። ያ ቀላሉ ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው። ልጁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጠየቅ ሆዱ ይጮሃል። አጠገቤ ነው የተቀመጠው፣ እሰማዋለሁ። «ምሳ በልተሃል?» ልለው ፈለግኩ። ሁለት ቃል። ግን እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ አፍ እንጂ ሰው አይደለሁም። ስንጨርስ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎኝ ከሴትዮዋ ጋር ሄደ።

በዚያው ሰሞን ነው በሰፈራችን ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ የወጣቶች ክለብ በነፃ የሚያግዝ ሰው ይፈልጋል የሚል ወረቀት ያየሁት። «ምሳ በልተሃል» ማለት የሚቻልበት ቦታ መሰለኝና ገባሁ። ስድስት ወር ሻይ አፈላሁ፣ ወንበር ደረደርኩ። ከዚያ ኃላፊዋ «ወረቀቱን ለምን አትይዝም?» አለችኝ።

ወረቀቱ እንዲህ ነው። በዚህ ሙያ ሌቭል 2 እና ሌቭል 3 የሚባሉ፣ እየሠራህ የምትማራቸው ደረጃዎች አሉ። ሌቭል 3 የያዘ «ዩዝ ሰፖርት ወርከር» ይባላል፤ ረዳት እንደማለት። ሙሉውን ማዕረግ ለመያዝ ግን ከ2010 ወዲህ ቢያንስ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ያውም በዚሁ ሙያ የተሰጠና ደሞዝና ደረጃ የሚደራደረው ጄ.ኤን.ሲ የሚባለው ኮሚቴ የሚያውቀው። የእኔ ጂኦግራፊ አይቆጠርም። የሚገርመው፣ ይሄ ሁሉ ደረጃ ተደርድሮ ሲያበቃ እንግሊዝ ውስጥ ስሙ በሕግ የተጠበቀ አይደለም። ሐኪም ሳትሆን ሐኪም ነኝ ብትል ትጠየቃለህ። ዩዝ ወርከር ነኝ ብትል ማን ይጠይቅሃል? ዌልስ ውስጥ ግን ከ2017 ጀምሮ መመዝገብ ግዴታ ነው።

ሙያው ራሱ ሽማግሌ አይደለም። በ1960 በአልበማርል እመቤት ሰብሳቢነት አንድ ሪፖርት ወጣ። ብሔራዊ ውትድርናው ሊቀር ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች እየጎረመሱ ነው፣ ማታ ማታ የት ይዋሉ የሚል ጭንቀት ነበር። ክለብ ይሠራ፣ ሰው ይሠልጥን ተባለና በ1961 ሌስተር ከተማ የአንድ ዓመት ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ። የእኔ ወረቀት የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ዲ.ቢ.ኤስ ነው፤ እኛ «አሻራ» የምንለው፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ። እሱ ሲመጣ ትምህርቱ ተጀመረ። በሳምንት አንድ ማታ ክፍል፣ ሁለት ማታ ክለብ፣ ሌላው ሌሊት ጥበቃ። ክፍል ውስጥ አንድ የቀድሞ ቦክሰኛ አለ፣ የሦስት ልጆች እናት አለች፣ እዚያው ክለብ ውስጥ ያደገች የ19 ዓመት ልጅ አለች። በዕድሜ ሁለተኛ ነኝ። አንደኛው ቦክሰኛው ነው።

በመጀመሪያው ቀን እጄን አውጥቼ «ፈተናው መቼ ነው?» አልኩ። ሳቁ። ፈተና የለም።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ በፀጉር ሥራ ሲኦሲ ስትፈተን አስታውሳለሁ። የጽሑፉን ተፈተነች፣ የተግባሩን መዛኞች ፊት ሠርታ አሳየች፣ ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ «ብቁ» የምትለዋን ቃል ጠበቀ። ጨከን ያለ ነገር ነው፣ ግን ያልቃል። የእኔ አያልቅም። መዛኟ ያለ ከበሮ ክለቡ ትመጣለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ከልጆቹ ጋር ሳወራ ትጽፋለች። የሠራሁትን ሰዓት ኃላፊዋ ትፈርማለች። በዚያ ላይ የልጆች ደኅንነት፣ የጎረምሳ ዕድገት፣ የቡድን ሥራ፣ ረብሻን መያዝ እያልክ ለእያንዳንዱ ክፍል ማስረጃ በፋይል ትሰበስባለህ። የኔ ፋይል ሲያልቅ እንደ ድሮ የስልክ ማውጫ ወፍሮ ነበር።

ያቃጠለኝ ግን ጆርናሉ ነው። እኔ የኑዛዜ ደብተር ነው የምለው። ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተሰማህ፣ ምኑ እንደሄደና ምኑ እንዳልሄደ፣ ሌላ ጊዜ ምን እንደምታደርግ ትጽፋለህ። በ1988 ጊብስ የሚባል ሰው ያወጣው ዙር አለ፣ እሱን ተከትለህ ነው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት «እኔ» ማለት ነውር በሆነበት አጻጻፍ ነው። «ውይይት ተካሂዷል። ወጣቶቹ ተሳትፈዋል።» ብዬ አስገባለሁ። መዛኟ ትመልስልኛለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመልሰው ጠርዙ ላይ በቀይ «አንተ የት ነህ?» ብላ ጻፈችበት። ተናደድኩ። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ለዚች ሴትዮ ልነግራት ነው እንዴ?

ከዚያ መሰላሉ መጣ። ሮጀር ሃርት በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው ጽሑፍ ላይ ያለ ነው። ልጆች በአንድ ነገር ምን ያህል እንደሚሳተፉ በ8 ደረጃ ያሳያል። የታችኞቹ ሦስቱ ተሳትፎ አይደሉም ይላል። አንደኛው ልጆችን መሣሪያ ማድረግ ነው፣ ሁለተኛው ጌጥ ማድረግ፣ ሦስተኛው ለይስሙላ ማስቀመጥ። «ጌጥ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አራተኛ ክፍል ሆኜ እንግዳ ሊቀበሉ አስፋልት ዳር አሰልፈውን ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ በእጃችን አበባ። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን። መኪናዎቹ ቱር ብለው አለፉ፣ መስታወት እንኳ ያወረደ የለም። እንግዳው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን የሽንቴን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ደብረ ብርሃን የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ልጆቹ የሚያነቡትን ዜናም፣ ግጥምም፣ «የተማሪዎች አስተያየት» የሚለውንም የምጽፈው እኔ ነኝ። የተማሪዎችን አስተያየት! ልጆቹ ድምፃቸውን ብቻ ነው ያዋጡት። መሰላሉ ላይ ፈለግኩት። አንደኛው ደረጃ። ያን ማታ ጆርናሉ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ። አልተመለሰም።

አሁን ስለ ምክር።

ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣ አንድ ያገሬ ልጅ ነበር። ኮፍያውን ደፍቶ ማሞቂያው ሥር ይቀመጣል፣ ስልኩን ይሰካል፣ ሲሞላለት ይሄዳል። አላስቻለኝም። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ 20 ደቂቃ መከርኩት። እንግሊዝኛህን አጥና፣ ከእነ እንትና ጋር አትዋል፣ ይሄ አገር ለሠራ ሰው ዕድል አለው፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ... ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም የተመከርነው ነው። ልጁ «እሺ ጋሼ... እሺ ጋሼ» አለ። ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። በሚቀጥለውም።

ኃላፊዋ የጃማይካ ልጅ ናት፣ 30 ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች፣ ጮክ ብላ አትናገርም። በወር አንዴ ለብቻ ተቀምጠን ሥራዬን እናያለን። የሆነውን ነገርኳት።

«ምን ጠየቀህ?» አለች።

«ምንም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የመለስከው?»

አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። እኛ ታላቅ ነን ካልን መምከር ግዴታችን ነው። ዝም ካልን የተውነው፣ የጠላነው ይመስለናል። ታናሽ ደግሞ «እሺ» የማለት ግዴታ አለበት። «እሺ» ማለት ተስማማሁ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ እኔ ልጅ መሆኔን ማስታወስ ብቻ ይበቃኝ ነበር። አባቴ ሲመክረኝ ስንቴ «እሺ» ብዬ በልቤ ኳስ ሜዳ ሄጃለሁ። «እሺ» በጨዋነት የሚዘጋ በር ነው።

በዚህ ሥራ ደግሞ በሩን የያዘው ልጁ ነው። ትምህርት ቤት ግዴታ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋን መንግሥት መድቦለታል፣ ፖሊስ ሳይጠራ ይመጣል፣ ወላጅ ደግሞ አይመረጥም። ወደ እኔ ግን የሚመጣው ደስ ካለው ነው፣ ካላለው ይሄዳል፣ ተከትዬ «ለምን ቀረህ» የምልበት ሥልጣን የለኝም። መጽሐፎቹ ይሄንን የሙያው መሠረት ይሉታል፣ በፈቃድ መገናኘት። ክፍል ውስጥ ሲነገረኝ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። 40 ተማሪ ቆልፎ ያስተማረ ሰው ግን በሩ ክፍት ሲሆን የሚይዘው ነገር የለውም። ቾክም ዱላም ጡረታ ወጥተዋል። (አዎ፣ ዱላም ነበረ። ጆርናሉ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እዚህ አልደግመውም።)

ልጁ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ጆተኒው ነው። ክለቡ ውስጥ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጆተኒ አለ። እንግሊዞቹ ሌላ ስም አላቸው፣ ለእኔ ግን ጆተኒ ነው። የሰፈራችን ጆተኒ ከሱቁ በረንዳ ላይ ነበር የሚቆመው፤ ሳንቲም የሌለው ዳር ቆሞ ያያል፣ አስተያየት ይሰጣል፣ ይሰደባል። ልጁ ዘንጉን ይዞ ብቻውን ያንኳኳል። ሄጄ ማዶ ቆምኩ።

«የተሸነፈ ይከፍላል?» አለኝ በአማርኛ።

«እዚህ ነፃ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ይጥማል?»

10 ለ 4 አሸነፈኝ። ደገምን። 10 ለ 2። መሸነፌ እውነተኛ ነው፣ የትምህርት ስልት አይደለም። ስለ ምንም አላወራንም። ስለ በረኛው አወራን፣ በረኛው ዘንግ ላይ ላልቶ ይንሸራተታል። ለካ መዛኟ ያን ማታ ጥግ ላይ ነበረች። ስንጨርስ ጠርታ «ለምን ተጫወትክ?» አለችኝ። ደስ ስላለኝ ልላት ነበር፤ ግን ገባኝ። ዘንግ ስትይዝ ዓይን ለዓይን አትተያይም። እጅህ ሥራ አለው። ዝም ብትል ዝምታው አያስጨንቅም። የእኛ ልጆች ደግሞ ታላቅን ፊት ለፊት እያዩ አያወሩም፣ ነውር ነው፤ እንግሊዞቹ መምህራን «ዓይኔን አያይም፣ የሚደብቀው ነገር አለ» ይሉብናል። ይሄንን ነገርኳት። የዚያን ቀን ግምገማዬ ከሁሉ ጥሩው ነበር። የተሸነፍኩበት መሆኑን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሌላው ያልለመድኩት ወሰን የሚሉት ነገር ነው። የግል ስልክህን አትስጥ፣ ቤትህ አትውሰድ፣ ገንዘብ አታበድር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ልጅ የሚጎዳ ሰው የሚጀምረው በደግነት ነው። ግን እስቲ ፋሲካን አስቡት። ልጁ በጋራ ቤት ብቻውን ነው፣ 55 ቀን ጾሟል፣ እኔ ቤት ዶሮ ወጥ አለ። አትውሰድ! ደግሞ ለንደን ለሐበሻ ጠባብ ናት። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ልጆቹ ትከሻዬን ሊስሙ ይመጣሉ፤ እዚያ ዩዝ ወርከር ነኝ ወይስ ምዕመን? «ሰላም በላቸው፣ ሰኞ ለኃላፊህ ንገር፣ ጻፈው» ነው መልሱ። ጻፈው! ሁሉም ነገር ጻፈው ነው።

የፋሲካውን መላ ያመጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ክለቡ ውስጥ እናክብር አሉ። ከዚያ የስጋት ግምገማ የሚባለውን ቅጽ መሙላት ተጀመረ። ዶሮ ወጥ፤ ስጋት፣ የሚያቃጥል ድስት፣ በርበሬ፣ የእንቁላል አለርጂ። ቡና፤ ስጋት፣ የከሰል እሳት፣ ጭስ፣ ዕጣን። ዕጣኑ ላይ ኃላፊዋ «የእሳት አደጋ ደወሉን ያስጮኸዋል?» አለች። «ያስጮኸዋል» አልኩ። ከሰሉ በኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀየረ፣ ዕጣኑ ግቢው ውስጥ ተጨሰ፣ ዝናብ መጣበት። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስኒ አቀረበች፣ አንዱ ሱማሌ ልጅ ጨዋታ አመጣ፣ ሌላው እንግሊዛዊ ልጅ በርበሬውን ሞክሬ አያለሁ ብሎ አለቀሰ። ጽዳቱን ማን ያድርግ በሚለው ላይ ተጣሉና ራሳቸው ዕጣ አወጡ። መሰላሉ ላይ ስንተኛ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ጠየቁኝ። ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ቦክሰኛው ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቀን ደግሞ ሌላ በዓል አለ። የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ስደተኛ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። ክለባችን ውስጥ አራት ልጆች በአንድ ቀን ተወለዱ። አንድ ኬክ ይበቃል ይላሉ፣ መንታዎቹ እያሉ በራሳቸው ይስቃሉ።

አሁን የማልስቅበትን ልጻፍ።

የጆተኒው ልጅ አንድ ማታ ስንዘጋ ቀረ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን እናቴ ትሙት በል።» ለማንም አልናገርም በል ማለቱ ነው። እናቴ ትሙት ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ትምህርቱ ግን እዚህ ላይ ቀልድ የለውም። ምስጢር ለመጠበቅ ቃል አትግባ፤ ልጁ ሳይናገር በፊት ንገረው፣ ተናግሮ ካበቃ በኋላ አይደለም። «አልልም» አልኩት። «የምትነግረኝ ነገር አንተን ወይ ሌላ ልጅ የሚጎዳ ከሆነ፣ ለሚመለከተው ሰው መናገር አለብኝ። ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ አሳውቅሃለሁ።» ፊቱ ተዘጋ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ያችን «እሺ» አሁን አውቃታለሁ።

ሁለት ሳምንት አልተኛሁም። አስተርጓሚ ሆኜ አፍ ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ቅጽ ሆንኩ ብዬ ጆርናሉ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ራሱ መጣና፣ ቃል ሳልገባለት፣ ነገረኝ። ለደላላው ዕዳ አለበት፣ አገር ቤት እናቱ ጋ ይደውላሉ። መኪና የሚያጥቡበት ቦታ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይሠራል፣ ሰውየው የሚሰጠው የዕለት ምግብና ትንሽ ሳንቲም ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚመለከት ሕግ ወጥቷል፣ የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት አዋጅ፣ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ወረቀት ላይ ስታነበው ባርነት ሰንሰለት ይመስልሃል። እጁ በሳሙና የተላጠ ልጅ አይመስልህም። ለማን እንደምናገር ነገርኩት፣ አብሮኝ ገብቶ እንዲቀመጥ ጠየቅኩት፣ ተቀመጠ። ኃላፊዋ የሚደረገውን አደረገች። ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሲሄድ ስልኬን ጠየቀኝ፣ የክለቡን ቁጥር ሰጠሁት። አልደወለም።

መዛኟ ይሄንን ክፍል አንብባ «ብቁ» ብላ ፈርማለች። ከፋይሉ ውስጥ ያቺን ገጽ ብቻ ተመልሼ አላነበብኩም።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና በወጣትነቱ የአራት ኪሎ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ልጅ ነበር። ፒንግ ፖንግ እዚያ ነው የተማረው፤ ደርግ መጥቶ እስኪዘጋው ድረስ ማታ ማታውን እዚያ ነበር የሚያሳልፈው። ስለ ወወክማ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ስለ ጠረጴዛው አልነበረም፤ ማታ ማታ ይጠብቃቸው ስለነበረ አንድ ሰውዬ ነው። «አይናገርም፣ ግን ሁሌ አለ» ይል ነበር። የሙያውን ታሪክ ስንማር ወወክማን ያቋቋመው ጆርጅ ዊልያምስ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ መሆኑን፣ በ1844 እዚሁ ለንደን ውስጥ መሆኑን ሰማሁ። ወጣት ሠራተኛ ነበር ማለት ነው፣ በእናቴ አነጋገር። 22 ዓመቱ።

ዛሬ ያው ወወክማ፣ የእንግሊዙ፣ የሚያወጣው ሌላ ዓይነት ዜና ነው። በእንግሊዝ የአካባቢ መስተዳድሮች ለወጣቶች አገልግሎት የሚያወጡት ገንዘብ በ2010/11 ከነበረበት 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ በ2018/19 ወደ 429 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ይሄ ቁጥር እኛ ክለብ ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አዳራሹ ቀን ቀን ለዮጋ ይከራያል። ቅዳሜ የነበረው ምሽት ቀርቷል። ቦክሰኛው ተመርቆ ሥራ ያገኘው በሳምንት ስድስት ሰዓት ነው። የጆተኒው እግር አሁንም ካርቶን ነው። ሰው አሠልጥኖ ቤቱን መዝጋት ምን የሚሉት ጥበብ እንደሆነ አልገባኝም። ልጆች ቢላዋ ሲይዙ ቴሌቪዥን ላይ «ወጣቶቻችን ምን ነካቸው» የሚሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያው በጀቱን የቆረጡት ናቸው።

የምስክር ወረቀቱ በፖስታ መጣ። ጋውን የለም፣ ባርኔጣ የለም፣ አበባ የያዘ የለም። ከኤሌክትሪክ ሒሳቡ ጋር በር ሥር ነው ያገኘሁት። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ደወለች።

«ኧረ ደስ ይላል! ጎረቤት ሁሉ ሲጠይቀኝ፣ ልጄ እንግሊዝ አገር ልጅ ያጫውታል አልኳቸው። ልክ ነኝ?»

አሰብኩበት። ከአማርኛ ትርጉሞቼ ሁሉ የተሻለው ነው።

«ልክ ነሽ።»

«ስንት ይሰጡሃል?»

ነገርኳት። በብር አባዝታ መሰለኝ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በሳምንት ስንት ቀን እንደምሠራ ጠየቀች። ሁለት ማታ አልኳት።

«ሁለት ማታ» አለች። «ታዲያ ጥበቃውን እንዳትተወው።»

«አልተውኩትም፣ እማዬ። አሁን ራሱ እዚያው ነኝ።»

«ምሳ በልተሃል?» አለች፣ እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር።